የድሮ የድንጋይ ጋጣ እንዴት ይጠገናል?

ጎጃም ውስጥ፣ ሞጣ አካባቢ ያለው የአያቴ ጋጣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። ግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ሁለት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። የመጀመሪያው ጥገና ተደረመሰ። ሁለተኛው ስድስት ክረምት ችሎ እስከ ዛሬ ቆሟል። የማሳያችሁ ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያው ለምን እንደፈረሰ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በድንጋዮቹ መሀል ያለው ጭቃ ተሸርሽሮ አየሁ። «በሲሚንቶ ቢደፈን ይጠነክራል» ብዬ አራት ኩንታል ገዛሁና ከውጭ በኩል ያለውን ክፍተት ሁሉ ደፈንኩት። ሲያዩት ያምር ነበር። ዝናብ ግን በግድግዳው አናት በኩል መግባቱን አላቆመም። ድሮ ያ እርጥበት በጭቃው በኩል ተንፍሶ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። ውስጡ ያለው ጭቃ ራሰ፣ ላላ፣ ወደ ታች ሰመጠ። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ሌሊት ላይ አንዱ ጎን ተደርምሶ አንዲት ጊደር ገደለ። አባቴ ጠዋት ድንጋዩን ሲያነሳ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እስካሁን ይከነክነኛል። አደራ፣ በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አታስነኩ።

ጠንከር ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው ኖራ አለለት። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል። ለጋጣ ግን ጭቃ ይበቃል፤ አፈሩም ጭዱም ከደጃችሁ ነው።

መቼ ይጀመራል?

ከጥር እስከ ሚያዝያ። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ የሚገኘው ያኔ ነው። ሰውም ፋታ አለው፤ ደቦ መጥራት ይቻላል። ምርጊቱም ሰኔ ሳይገባ ይደርቃል። ግንቦት ላይ ከጀመራችሁ ለከርሞ አቆዩት።

ጭቃው

ቀይ አፈር ይሻላል። መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሌላ ከሌለ አሸዋ በደንብ ጨምሩበት። አፈሩን ከጭድ ጋር ቀላቅላችሁ ውሃ አጠጡት፣ በየቀኑ በእግር አስረግጡት። ሁለት ሳምንት ይቡካ፤ ሦስት ሳምንት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጠረኑ ሲለወጥና እጅ ላይ እንደ ሊጥ ሲለጠፍ ደርሷል ማለት ነው።

ሆድ ያወጣው ግድግዳ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ግድግዳ ነው፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ያያል። መሀሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ ነው። መሀሉ ሲላላ የውጭው ፊት ይገፋና ሆድ ያወጣል።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ግንበኛ ናቸው። የመዶሻውን እጀታ ይዘው ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንኳኩ ሄዱ። ደህናው ቦታ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፁ እንደ ባዶ እንስራ ሆነ። «ስማው እስቲ ልጄ፤ ይሄ ልቡ ባዶ ነው» አሉኝ። ባዶ የሚለውን ቦታ ሁሉ በከሰል አከበብነው።

ከዚያ ቱንቢ፣ ማለት በሲባጎ የታሰረ ክብደት፣ ከአናቱ ልቀቁ። ስልክ ላይ ባለ ውሃ ልክ የሚሠሩ ልጆች አይቻለሁ። ሸካራ ድንጋይ ላይ አይሆንም፤ ሲባጎና አንድ ቱንቢ ይበልጠዋል። ግድግዳው ከሲባጎው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ ካገኘሁት እኔ አፈርሰዋለሁ። በእንጨት ደግፎ መተው ክረምቱን ብቻ ያሻግራል።

ከማፍረሳችሁ በፊት ጣራውን ከውስጥ በባላ ደግፉ። ባላው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም፤ ባዶ መሬት ላይ ከቆመ ይሰምጣል። ከብቶቹም ሰዎቹም ከዚያ ጎን ይራቁ። ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል ወርድ ሳታልፉ፣ ጎንና ጎኑን እንደ ደረጃ እየተዋችሁ አፍርሱ። በዲጂኖ ከሥር መፈንቀል ይፈጥናል፤ ግን ሙሉውን ይዞባችሁ ይመጣል። የወረደውን ድንጋይ በየረድፉ መሬት ላይ ደርድሩት። ትልቁ ወደ መሠረቱ፣ የማዕዘኑ ለብቻው። እንዲህ ካልደረደራችሁ በኋላ አንድ ድንጋይ ስትፈልጉ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ስትገነቡ ድንጋዩን በሰፊው ፊቱ አስተኙት። ርዝመቱ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። ለማየት እንዲያምር ብሎ በጠርዙ ማቆም የብዙ ወጣት ግንበኛ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ድንጋይ ላይ ይረፍ፤ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ አይምጣ። በየአንድ ሜትሩ ደግሞ ከውጭ ፊት እስከ ውስጥ ፊት የሚደርስ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ ጣሉ። ሁለቱን ፊት አንድ የሚያደርገው እሱ ነው። የኛ ግድግዳ የፈረሰበት ጎን ላይ አንድም አልነበረውም። የቆመው ጎን ላይ ስድስት ቆጠርኩ።

መሀሉን አፈር በአካፋ እየጣላችሁ አትሙሉ። ትንንሹን ድንጋይ አንድ በአንድ በእጅ፣ ጭቃ እያስነከራችሁ፣ እስኪጠብቅ ሰካኩት። አሰልቺ ነው፤ ደቦ የመጣ ሰው ሁሉ ሊያልፈው ይፈልጋል። ጠላውን ከዚህ በኋላ አቅርቡ። በቀን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ አትውጡ፤ እርጥብ ጭቃ ክብደት አይችልም። ማታ ማታ አናቱን በላስቲክ ሸፍኑት።

የቀረው

የበሩ ጉበን ከበሰበሰ በጽድ ወይም በወይራ ተኩት። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ምስጥ ይወደዋል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ባህር ዛፍ እኔ አላምንም።

ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ወፈር ያለውን፣ ባለ 28 ጌጁን ግዙ። ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ። ያኔ ጠፈጠፉ የግድግዳውን እግር አይመታም።

ወለሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉና ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት። የከብት ሽንት ግድግዳው ሥር ከተኛ ጭቃውን ይበላዋል። ትንሽ ቦይ አውጡለትና ወደ ጓሮው ይፍሰስ፤ ጎመኑም ይጠቀማል። ከውጭ በኩል ደግሞ ዳገቱ ባለበት ጎን ፈሰስ ቆፍሩ።

ምርጊቱ መጨረሻ ነው። ግድግዳውን ውሃ ርጩበት፣ የመጀመሪያውን እጅ በጭድ ጭቃ ምረጉ፣ ሲደርቅ ስንጥቁን በሁለተኛው እጅ ድፈኑ። ለመጨረሻው ልስን እበት ጨምሩበት። የውጩ በየዓመቱ ትንሽ ይነካካል፤ እኔ ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን እሰጠዋለሁ።

ከብቶቹን ለማስገባት አትቸኩሉ። ጥፍራችሁን ምርጊቱ ላይ ጫን አድርጉት፤ ምልክት ከተወ ገና ነው። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ጋጣውን አንድ ዙር ዙሩት። ውሃው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚንጠባጠብ የሚታየው ያኔ ነው። እኔ ባለፈው ክረምት በስተኋላ አንድ ቀዳዳ ቆርቆሮ ያገኘሁት እንዲህ ስዞር ነው።