የቻርጀር ቮልቴጅ ስታስተካክሉ ትሪመሩን ከታች በኩል አድርጉት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር በቲኤል431 (ቮልቴጅ በሚቆጣጠር አይሲ) የባትሪ ቻርጀር ለምትሠሩ፦ የአይሲው ሪፈረንስ፣ ማለትም የሚያነጻጽርበት ቋሚ ቮልቴጅ፣ 2.495 ቮልት ቢባልም ተራው ዓይነት እስከ 2 በመቶ ይዛነፋል። የቻርጀሩ መውጫ 13.8 ቮልት ላይ ሲደርስ ይህ ወደ 0.28 ቮልት ይጠጋል፤ ለአሲድ ባትሪ ቀላል አይደለም።

ብዙዎች 10 ኪሎ ኦም ትሪመር (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ብቻውን ያስገባሉ፤ ገና ሲነኩት ቮልቴጁ ይዘላል። ይልቅ ከፖዘቲቭ ወደ ሪፈረንስ እግሩ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ከሪፈረንስ እግሩ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎ ኦምና 100 ኦም ትሪመር በተከታታይ አድርጉ። ሬዚስተሮቹ የ1 በመቶ ይሁኑ። ትሪመሩ ዳር እስከ ዳር ሲዞር ከ13.2 እስከ 14.2 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሚሄድ፣ 13.8 ላይ ማቆም ቀላል ነው።

ትሪመሩ ከታች፣ በግራውንድ በኩል መሆኑ ግን ዋናው ነገር ነው። ትሪመር ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲገባው መሃል እግሩ ንክኪ ያጣል። ከላይ፣ በፖዘቲቭ በኩል ተቀምጦ መስመሩ ቢቋረጥ አይሲው ቮልቴጁ የወረደ ይመስለዋል፤ ቻርጀሩ የቻለውን ያህል ይለቃል፣ ባትሪው ይፈላል። ከታች ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። መሃል እግሩን ከአንዱ ዳር እግር ጋር አብራችሁ በይዱት፤ ንክኪው ቢጠፋ እንኳ 13.2 አካባቢ ይቆማል።

አይሲው ከሞቀ በኋላ አስተካክሉ፣ መልቲሜትራችሁም የሚታመን ይሁን። ይህ የመነሻውን ስህተት እንጂ በሙቀት የሚመጣውን ለውጥ አያርምም፤ በማርቆስ ብርድ የተስተካከለው ዓባይ በረሃ ሲወርድ እንደገና ይለካ። ለሊቲየም ባትሪ ግን አትጠቀሙበት።