በመከራ ጊዜ ከምንሠራቸው ስህተቶች ጥቂቶቹ

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የየካ አባዶ ሰው ቀኑን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው። መብራቱም ይሄዳል፣ ይመጣል። ይሄስ ይለመዳል። የሚከብደው በላዩ ላይ በሽታ፣ ሥራ ማጣት ወይም ሐዘን ሲጨመርበት ነው። ያኔ ወደ እግዚአብሔር እንሮጣለን። ሌላ ማን አለን! ግን በእምነት ስም የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች ከመከራው በላይ ያደክሙናል። በሰፈራችን ደጋግሜ የማያቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሁሉን ነገር በ«ተመስገን» መሸፈን ነው። ተመስገን ማለት ይገባል። ችግሩ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሰው ለጎረቤቱም «ተመስገን»፣ ለንስሐ አባቱም «ተመስገን»፣ በጸሎትም «ተመስገን» ብቻ ሲል ነው። ብዙዎቻችን ለእግዚአብሔር ብሶት መናገር ድፍረት ይመስለናል። ዳዊት ግን «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሏል። እናቶቻችን በየማለዳው የሚደግሙት መዝሙር እንዲህ ያለ አቤቱታ ሞልቶበታል። ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል። ስለዚህ የተሰማችሁን እንዳለ ንገሩት። ተናዳችሁም ከሆነ መናደዳችሁን ንገሩት። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ሲመጣ ከልብ ይሆናል።

«ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሰውን ከውስጥ ይበላዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በከተማችን ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። እነሱ ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ? ጌታ ይህንኑ የሚመስል ነገር ተናግሯል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ተጽፏል። ንስሐ መግባት ለሁላችንም ነው፤ ለተመታው ብቻ አይደለም።

ለቅሶ ለመድረስ የምትሄዱ ሰዎችም ይህን አስቡት። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ከጎኑ ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ መልካም ነበር። የከፋው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፤ እግዚአብሔርም በኋላ ተቆጣቸው። ልጇን ለቀበረች እናት «ለበጎ ነው» አትበሏት። «እግዜር ያጽናሽ» ብላችሁ አብራችኋት ተቀመጡ።

ስለትን እንደ ውል የሚያዩም አሉ። ጸለይኩ፣ ተሳልኩ፣ ታዲያ ለምን አልሆነም? ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት 3 ጊዜ ለመነ። አልተወገደለትም። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ጸበል ሲጀምሩ መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእምነት የሚወጣውን ሰው እኔ አከብረዋለሁ። ኪኒኑን ግን ለምን ይጥላል? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም ሕይወት ያሳጣል። የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው እምነቱ ስለጎደለ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍረው ካለ አብራችሁት ሂዱ። ኤልያስም ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለምኖ ነበር። መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውሃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ከዚያም ደግሞ በላ። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን በደልን «መስቀሌ ነው» ብሎ መቀበል ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻይው፣ ጸልይበት» የሚል ሰው አሁንም አለ። ይህን ምክር በፍጹም አልቀበለውም! ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት አምልጧል። ጳውሎስን ወዳጆቹ በደማስቆ ግንብ በቅርጫት አውርደው አስመልጠውታል። እመቤታችንም ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ወደ ግብፅ ሸሽታለች፤ በየዓመቱ በጽጌ ጾም የምናስበው ይህንኑ ስደት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ከሚመታሽ ሰው መራቅ እምነት ማጣት አይደለም። ወደ ቤተሰብሽ ሂጂ፣ ለፖሊስ ተናገሪ፣ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

የመጨረሻው በተለይ የእኛን የከተማ ዳር ሰዎች ይመለከታል፤ ብቻን መቅረት። ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ ተነስተን ስንመጣ ቤት አገኘን፣ እድራችንን ግን እዚያው ተውን። በኮንዶሚኒየሙ 4ኛ ፎቅ ላይ በር ዘግቶ የሚያለቅስን ሰው ማን ይሰማዋል? ብዙዎች «ትንሽ ልረጋጋ፣ ከዚያ ማኅበር እገባለሁ» ይላሉ። መረጋጋቱ የሚመጣው ግን ከሰው ጋር ሲሆኑ ነው። የብሎካችሁ እድር መቼ እንደሚሰበሰብና መመዝገቢያው ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ጎረቤት ጠይቁ። በአጥቢያችሁ ሰንበቴ ወይም ጽዋ ማኅበር ካለ ግቡ፤ ጴንጤ ከሆናችሁ ደግሞ የቤት ኅብረት አለ። ገንዘቡ ከከበዳችሁ ለጸሐፊው በግልጽ ንገሩት፤ መዋጮውን ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ እድር አለ።