የሴሲሊያ ቪኩኛን ክሮች ስናይ ከየትኞቹ ስህተቶች እንራቅ?

ሴሲሊያ ቪኩኛ በ1948 ሳንቲያጎ የተወለደች ቺሊያዊት ሠዓሊና ገጣሚ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስሟ ገናና የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ የሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ የሕይወት ዘመን የወርቅ አንበሳ ሸለማት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም ግዙፉን ተርባይን አዳራሹን ለቀቀላት። ከጣሪያ የሚወርዱት ክሮቿ ፎቶ ላይ በጣም ያምራሉ። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አንደኛ፣ ሁሉንም «ኢንካ» (ስፔኖች ሲመጡ አንዲስን ይገዛ የነበረው ሕዝብ) ብሎ መገላገል። ከ1492 በፊት በአሜሪካ አህጉር የኖሩት ሕዝቦች ብዙ ናቸው። ማያና አዝቴክ ወደ ሜክሲኮና ጓቲማላ በኩል ናቸው። ቪኩኛ የምትቀዳው ግን ከደቡብ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው። እዚያም ቢሆን ኢንካዎች ዘግይተው የመጡ ናቸው። የቪኩኛ ክሮች የተነሱበትን፣ ኪፑ የሚባለውን፣ አንድ ዋና ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ባለ ቋጠሮ ክር፣ ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዋሪ የሚባሉ የአንዲስ ሕዝቦች ይጠቀሙበት ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የሚብሰው ትንሽ ያነበበ ሰው ላይ ነው፤ ክሮቹን እንደ ጽሑፍ ሊያነብ መሞከር። የጥንቱ ኪፑ በእርግጥ ይነበብ ነበር። አሜሪካዊው ሌላንድ ሎክ በ1912 የቁጥሩን አያያዝ ፈትቶ አሳይቷል። ወደ ክሩ ጫፍ ያለው ቋጠሮ አሃድ ነው፤ ከፍ ሲል አስር፣ ከዚያ በላይ መቶ። በአስሩ ቦታ ሦስት ቋጠሮ፣ ከታች ደግሞ አምስት ጊዜ የተጠመጠመ አንድ ረጅም ቋጠሮ ካለ 35 ማለት ነው። ባዶ ቦታ ዜሮ ነው። እንደ መቁጠሪያ ጣት እያሳለፉ የሚጸልዩበት ሳይሆን መዝገብ ነበር ማለት ነው። ከቁጥር አልፎ ታሪክም ይይዝ እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

የቪኩኛ ኪፑ ፊት ይህ እውቀት አይሠራም። አብዛኛው ክሯ ያልተፈተለ ሱፍ ነው፤ ቋጠሮ ቢኖረውም ቁጥር ለመያዝ የታሰረ አይደለም። በ1966 ኪፑ መሥራት የጀመረችበት ሥራ «ምንም የማያስታውስ ኪፑ» ይባላል። አንድ ባዶ ክር ነው፣ በቃ። ለምን ባዶ? በ1583 ሊማ ላይ የተሰበሰበው የካቶሊክ ጉባኤ ኪፑዎችን ከጣዖት አምልኮ ጋር አያይዞ እንዲቃጠሉ አዘዘ። ዛሬ በዓለም ላይ የተረፉት ጥቂት ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ ያ ክር የሚያሳየን የጠፋውን መዝገብ ራሱን ነው። ቋጠሮ ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ሳያውቀው ሥራውን አግኝቶታል።

የአንዳንድ ክሮቿን ቀይ ቀለም ለውበት ብቻ መውሰድም አለ። ጥር 15 ቀን 2006 ሚሼል ባቼሌት የቺሊ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና በተመረጠችበት ዕለት፣ ቪኩኛ ከሳንቲያጎ በላይ ባለው የኤል ፕሎሞ ተራራ ነበረች። ይህ ተራራ እንዲሁ ተራራ አይደለም። ኢንካዎች ለአማልክት የሰጡት ሕፃን አስከሬን በ1954 በቅዝቃዜው ሳይፈርስ የተገኘው እዚያ ነው። እሷ ቀይ ያልተፈተለ ሱፍ ይዛ «የወር አበባ ኪፑ» ያለችውን ሠራች። ቀዩ የሴት ደም ነው፤ የበረዶ ግግሩ ውኃም ደም ነው። ለፕሬዚዳንቷ መልእክቷ፣ ግግሩን ለወርቅ ቆፋሪዎች አሳልፈሽ አትስጪ የሚል ነበር። ይህን ሳያውቁ ማየት ግማሹን አለማየት ነው።

«ያለፈ፣ የሞተ ባህል» ማለትም ይቅርብን። የኢንካዎችን ቋንቋ ኬችዋን የሚናገሩ ሰዎች ዛሬም በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ፔሩ ውስጥ ቱፒኮቻ በምትባል መንደር ኃላፊዎች ሥልጣን ሲረካከቡ የአባቶቻቸውን ኪፑ ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ። ማንበቡ ቀርቷል፤ ክብሩ ግን አልቀረም።

ሥራው የተሰቀለበትን ከተማ መርሳትም የተለመደ ነው። አቴንስ ላይ በ2017 ያሳየችው ቀይ ኪፑ የአንዲስን እናት አማልክት ከግሪክ የባሕር አፈ ታሪክ ጋር ያገናኛል። ለንደን ደግሞ ለእሷ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1972 ለትምህርት ሄዳ፣ በዓመቱ ጄኔራል ፒኖቼ የቺሊን መንግሥት ሲገለብጥ በስደት ቀረች። ከ50 ዓመት በኋላ በቴት ሞደርን የሰቀለችው 27 ሜትር የሚወርድ ነጣ ያለ ኪፑ፣ የሚሞቱ ደኖችን የሚያስታውስ ነው። ነገር ግን በመሃሉ የለንደን ላቲን አሜሪካውያን ሴቶች ከቴምዝ ወንዝ ዳር የለቀሟቸው ቁርጥራጮች ታስረውበታል። ከሩቅ ፎቶ ያነሳ አያያቸውም። ጠጋ ማለት ነው።

«ኦሪጅናሉ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። በ1966 ኮንኮን በሚባል የቺሊ ባሕር ዳርቻ እንጨትና ላባ አሸዋ ላይ እየተከለች ትሠራ ነበር። ማዕበል ይወስደዋል ብላ አውቃ ነው የተከለችው።

ትንሽ የምትመስለው የመጨረሻዋ ስህተት ደግሞ የጆሮ ነች። የቴቱ ሥራ ድምፅ ነበረው፤ ከኮሎምቢያዊው አቀናባሪ ሪካርዶ ጋዮ ጋር የተሠራ፣ የተፈጥሮ ድምፅ፣ የነባር ሕዝቦች ሙዚቃና ዝምታ የተቀላቀለበት። ኢርፎን ሰክቶ የሚያይ ሰው ይህ ሁሉ ያልፈዋል።