ለህንፃ ዲጂታል መንትያ እንዴት ይሠራል? ከንድፍ እስከ ማፍረስ

ኮርኒሱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል እንበል። የሚዘጋው ቫልቭ የት ጋ ነው? የሚያውቀው ቴክኒሻን ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ለቋል። ስዕሉ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ግን ስዕሉ ላይ ያለው ቧንቧ በግንባታው ጊዜ ቦታ ቀይሯል፣ መቀየሩን የመዘገበ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ኮርኒሱ በግምት ይቀደዳል፣ እዚህ ሲታጣ እዚያ ይቀደዳል፣ እስከዚያ ውሃው ታችኛው ፎቅ ደርሷል። ዲጂታል መንትያ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ነገሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። የህንፃው አምሳያ ኮምፒውተር ላይ አለ። ከእውነተኛው ህንፃ በየጊዜው መረጃ ይደርሰዋል። ከመረጃው የሚገኘው ውሳኔ ደግሞ ተመልሶ ህንፃው ላይ ይፈጸማል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መንትያ አይባልም፤ የሚያምር የስሪዲ ስዕል ብቻውን ያው ስዕል ነው። ሐሳቡ ከፋብሪካ ምርቶች የመጣ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዕቃውን፣ አምሳያውንና በሁለቱ መካከል የሚመላለሰውን መረጃ አንድ ላይ አድርገው አቀረቡት፣ ስሙን ያወጡለት ደግሞ የናሳው ጆን ቪከርስ ናቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ ሶፍትዌር መግዛት አይደለም። ጥያቄ መጻፍ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ፣ በተራ ቋንቋ። ማታ ህንፃው ባዶ ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚበላው ምንድን ነው? ሰው ንጹሕ አየር የሚያጥረው የትኛው ክፍል ውስጥ ነው? ፓምፑ ሳይቆም በፊት መዳከሙን በምን እናውቃለን? ሁሉንም ነገር እንወቅ ተብሎ የሚጀመር ሥራ ብዙ ጊዜ ገንዘቡንም ሰዉንም አድክሞ መሃል ላይ ይቀራል። ጥያቄው ከታወቀ ግን የትኛው ሴንሰር እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ቦታ በዝርዝር መታየት እንዳለበት፣ ምን ቢቀር ችግር እንደሌለው ራሱ ጥያቄው ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ሞዴሉ። ህንፃው ገና ካልተሠራ ዕድለኞች ናችሁ፣ አርክቴክቱና መሐንዲሶቹ ቢም በሚባለው፣ የህንፃውን ክፍሎች ከነመረጃቸው ኮምፒውተር ላይ በሚያስቀምጠው ዘዴ የሚሠሩት ሞዴል መነሻ ይሆናችኋል። የምትፈልጉትን መረጃ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጻፉት፦ ስለየትኛው መሣሪያ ምን መረጃ፣ በምን ዓይነት ፋይል፣ በየትኛው የግንባታ ደረጃ ላይ። ከፈረማችሁ በኋላ የምትጠይቁት ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ሥራ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ነው። አይኤስኦ 19650 የሚባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች እዚህ ይረዳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2018 ወጡ፣ ህንፃው አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚመለከተው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ በ2020። ፋይሉን አይኤፍሲ በሚባለው ክፍት ቅርጸትም ተቀበሉ። ህንፃ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ዛሬ የገዛችሁት ሶፍትዌር ያን ጊዜ መኖሩን ማንም ዋስ አይሆንላችሁም።

ህንፃው ድሮ የተሠራ ከሆነስ? ያኔ ሌዘር ስካነር አለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን እየለካ የህንፃውን ቅርጽ ያስቀራል። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አንድሪው ታሎን ከዓመታት በፊት ከ1 ቢሊዮን በላይ ነጥብ ለክተው ስላስቀሩ የተቃጠለው ክፍል ምን ይመስል እንደነበር በትክክል ማየት ተችሏል። ይህን ሳስብ ሁሌም ይነካኛል፤ ታሎን እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ወራት በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 አርፈው ነበር።

ስካነር ግን የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውን ቧንቧ አያይም። ስለዚህ ለግንባታም ሆነ ለጥገና አንድ ነገር በተከፈተ ቁጥር ሳይዘጋ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ክፍሉን ጻፉበት፣ ሞዴሉ ላይ አስቀምጡት። ለትንሽ ህንፃ ደግሞ የየፎቁ ፕላንና አንድ በደንብ የተያዘ የኤክሴል ዝርዝር ለመጀመር ይበቃል። እውነቴን ነው።

አሁን ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ሥራ መጣ፦ ስም ማውጣት። ስዕሉ ላይ «ፓምፕ 2» ተብሏል። የኤሌክትሪክ ፓኔሉ ላይ «ምድር ቤት ሞተር» ተብሎ ተለጥፏል። ቴክኒሻኖቹ «ቀዩ ፓምፕ» ይሉታል። ሦስቱም አንድ ፓምፕ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ነው የሚላቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ የማይለወጥ ስም ስጡ፣ ያንን ስም ከኪውአር ኮድ ጋር አትማችሁ መሣሪያው ላይ ለጥፉ። ከስሙ ጋር የት እንዳለ፣ መቼ እንደተገጠመ፣ የሴሪ ቁጥሩ፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ይመዝገብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግንኙነቱ፦ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከየትኛው ብሬከር ነው፣ ውሃ የሚሰጠው ለየትኞቹ ክፍሎች ነው፣ የሚዘጋው በየትኛው ቫልቭ ነው? ይህ «ማን ማንን ይመግባል» የሚለው መዝገብ ከማንኛውም ባለ ቀለም ስሪዲ ይበልጣል፣ ኮርኒሱ የሚንጠባጠብ ቀን የሚያድናችሁ እሱ ነውና። መሣሪያዎችን የሚመድቡበትንና ግንኙነታቸውን የሚገልጹበትን የራሳችሁን ቋንቋ ከመፍጠር ደግሞ ብሪክ ወይም ሄይስታክ የሚባሉትን ክፍት አሠራሮች መጠቀም ይሻላል።

ከዚያ መረጃውን ማገናኘት። አዲስ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ቁጠሩ። ብዙ ትልልቅ ህንፃዎች የመቆጣጠሪያ ሥርዓት አላቸው፣ መሣሪያዎቹም ባክኔት ወይም ሞድባስ በሚባሉ ቋንቋዎች ይነጋገራሉ (ሞድባስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁንም በየፓኔሉ ታገኙታላችሁ)። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ይፈቀድ። መንትያው ራሱ ቫልቭ እንዲከፍትና እንዲዘጋ የሚፈቀድለት ለወራት ታይቶ ከታመነ በኋላ ነው። የህንፃውን መሣሪያዎች የሚያገናኘው ኔትወርክ ሠራተኛው ኢሜይል ከሚያይበት ኔትወርክ ይለይ። ሰው መኖሩን የምትለኩ ከሆነም ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ እንጂ ማን እንደሆነ አትመዝግቡ፤ ሰዎች እንደሚሰለሉ ከተሰማቸው ሴንሰሩን በወረቀት ይሸፍኑታል፣ ልክም ናቸው።

ሴንሰር የሚቀመጥበት ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። የውጭ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) አካባቢ ነው። ሰው የሞላበት ስብሰባ ክፍል ውስጥ ከ1,000 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ንጹሕ አየር በበቂ እየገባ አይደለም ማለት ነው። ሴንሰሩ መስኮት ሥር ከተሰቀለ ግን ሰው እያዛጋ «ሁሉ ሰላም» ይላችኋል።

አሁን ጥያቄያችሁን ወደ ደንብ ቀይሩት። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። አየር በቀዝቃዛ ውሃ ኮይል (ውሃ በሚያልፍበት የተጠማዘዘ ቧንቧ) ላይ እያለፈ ይቀዘቅዛል፣ የውሃውን መጠን የሚወስነው አንድ ቫልቭ ነው። መቆጣጠሪያው ቫልቩን 0 በመቶ፣ ማለትም ዝጋ ብሎታል። ወደ ኮይሉ የሚገባው አየር 24 ዲግሪ፣ የሚወጣው 19 ዲግሪ። ቫልቩ እውነት ተዘግቶ ቢሆን ሁለቱ ቁጥሮች ሊቀራረቡ ይገባ ነበር። ስለዚህ ቫልቩ ያሳልፋል። ማንም ሰው አያማርርም፣ ምክንያቱም ከኮይሉ ቀጥሎ ያለው ማሞቂያ አየሩን መልሶ ያሞቀዋል፣ ክፍሉ ይመቻል። እናንተ ግን ለማቀዝቀዝም ለማሞቅም ትከፍላላችሁ፣ ለዓመታት። መንትያው ይህን የሚይዘው ሁለቱ ሴንሰሮች የዚያ ቫልቭ ጎረቤቶች መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነው። ቫልቩን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ሴንሰሮቹን በእጅ ቴርሞሜትር አመሳክሩ፤ አንዳንዴ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው። ውሃም እንዲሁ ነው፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው በሌለበት ህንፃ ቆጣሪው መዞሩን ካላቆመ የሆነ ቦታ ይፈሳል።

የተገኘው ችግር ዳሽቦርድ በሚባለው የመከታተያ ስክሪን ላይ ቀይ ሆኖ ቢውል ዋጋ የለውም። የጥገና ትዕዛዝ ሆኖ አንድ ስም ላለው ሰው ይድረስ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ መዝገቡ ሳይስተካከል ሥራው ተጠናቀቀ አይባልም። ቴክኒሻኑ ቫልቩን ቀየረ፣ ኪውአሩን በስልኩ አነሳ፣ አዲሱን የሴሪ ቁጥርና ቀኑን አስገባ፣ ያኔ ተዘጋ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ካልተደረገ ግን አምሳያውና ህንፃው ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ አንድ ቀን ቴክኒሻኑ ሞዴሉን አምኖ ሄዶ የተባለውን ቫልቭ ያጣዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሞዴሉን አይከፍተውም። መንትያ የሚሞተው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለመዝገቡ ኃላፊ የሆነ አንድ ሰው ይመደብ፣ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ተጽፎ።

ግንባታ ላይ ያላችሁ ደግሞ ርክክቡን አትጠብቁ። በመጨረሻው ቀን ካርቶን ሙሉ ማኑዋል ከተረከባችሁ ማንም አይከፍተውም። አንድ ፎቅ ባለቀ ቁጥር መረጃውን ተቀበሉ፣ ከዚያ አሥር መሣሪያ ዝም ብላችሁ መርጣችሁ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አመሳክሩ። ሦስቱ ከተሳሳቱ መልሱት።

ዓመታት አልፈው እድሳት ሲመጣም ያው ሞዴል ያገለግላል። ትልቁን አዳራሽ ለሁለት ከመክፈላችሁ በፊት ሞዴሉ ላይ ክፈሉት፦ አየር ማስገቢያው በአንደኛው በኩል ብቻ ይቀር ይሆን? የሚፈርሰው ግድግዳ ጭነት ይሸከማል? ህንፃው ዕድሜው ሲያበቃ ደግሞ ብናኙ ለጤና አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ የት እንዳለ ከመዝገቡ ይታያል፣ አፍራሾቹም ሳያውቁ አይነኩትም። የብረት ምሰሶው መጠንና የጥራት ደረጃ ተጽፎ ከተገኘ፣ ተመርምሮ ሳይቀልጥ እንዳለ ሌላ ህንፃ ላይ የመቆም ዕድል ያገኛል። መዝገብ የሌለው ብረት ግን ብዙውን ጊዜ ዕጣው በኪሎ ተመዝኖ መሸጥ ነው።