ኤምቢኤ ከመመዝገባችሁ በፊት

ባሕር ዳር እየሠራችሁ ቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የትምህርት ክፍያውን ከማጣራታችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ፦ «ከእኔ ቀጥሎ ያለው መደብ ምን ይፈልጋል?» ብዙ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪና ይህን ያህል ዓመት ልምድ፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ ያነሰ» የሚል ታያላችሁ። እኔ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ዲግሪው የሚቀንስልኝ ሁለት ዓመት ነበር፤ ትምህርቱ የሚፈጀውም ሁለት ዓመት። ለእድገቱ ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ ባልገባሁበት። የገባሁት ከሂሳብ ሥራ ወደ አስተዳደር መዞር ስለፈለግሁ ነው፤ ለዚያ በእውነት ጠቅሞኛል።

ሂሳብ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ሰኔን አስቡበት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የማጠቃለያ ፈተናም እዚያው አካባቢ ሊወድቅ ይችላል። እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ፣ ዝናቡ የባጃጁን ሸራ እየደበደበ፣ በስልክ መብራት ማስታወሻ ሳነብ ነው ቤት የምደርሰው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዳችሁን በጥቅምት አትጨርሱት፣ አለቃችሁንም ገና ስትጀምሩ አነጋግሩ።

የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሳታልፉ ሥራችሁን አታመቻቹ፣ ብርም አትበደሩ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት ምረጡ፤ መረጃ ለመውሰድ የሚያስፈልገውን የፈቃድ ደብዳቤም ቀደም ብላችሁ አስፈርሙ።