ያረጀ ሂት ፓምፕ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ብዙ ታውንሃውስ ክረምት የሚሞቀው፣ በጋ የሚቀዘቅዘው በሂት ፓምፕ ነው፣ አንዱ ክፍሉ ውጪ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ነው። ዕድሜው ባብዛኛው ከ10 እስከ 15 አመት ስለሆነ 12 አመት ካለፈው በኋላ የሚመጣ ቴክኒሻን ሁሉ "ይሄማ አብቅቶለታል፣ ቀይሩት" ይላችኋል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ ግን የሞተው የትንሽ ብር እቃ ሆኖ 10 ሺህ ዶላር ዕዳ ውስጥ የሚገባ ወገን አለና እባካችሁ አይናችሁን ጨፍናችሁ አትፈርሙ። የቱ እቃ እንደሞተ በጽሁፍ ይስጣችሁ። ከዛ በፊት ውጪ ያለው ማሽን ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ ፎቶ አንሱት፣ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ (ሪፍሪጀራንት) አይነት እዛ አለ፣ የተመረተበት አመትም ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ቤቱ አልሞቅ አለ፣ አየሩ ለብ ያለ ነው፦ ሂት ፓምፕ እንደ ጋዝ ፈርነስ የሚያቃጥል አየር አይሰጥም፣ ለብ ማለቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ቤቱ ካልሞቀ ግን መጀመሪያ ፊልተሩን አውጥታችሁ እዩት፣ አቧራ ጠቅጥቆት ከሆነ ቀይሩ።

ውጪ ያለው ማሽን እእእ ይላል ፋኑ ግን አይዞርም፦ ብዙ ጊዜ ካፓሲተር ነው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ እቃ፣ ርካሽ ነው፣ አሮጌም ቢሆን ይጠገናል። አደራ ራሳችሁ አትንኩት፣ ብሬከር ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ሰው ይጎዳል።

በረዶ ለበሰ፦ ስስ አመዳይ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ማሽኑ በየጊዜው ራሱ ያቀልጠዋል፣ ያኔ የሚወጣው እንፋሎት ጭስ መስሎ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አይደለም። ለሰዓታት ሳይቀልጥ ግግር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ወይ በረዶ ማቅለጡን የሚያዘው የዲፍሮስት ቦርድ ወይ ሴንሰሩ ነው፣ ወይ ጋዝ አንሷል። በቢላ እንዳትፈነቅሉት፣ ጋዙ የሚያልፍበትን ቱቦ (ኮይሉን) ትበሱታላችሁ።

ቢሉ በድንገት ሰማይ ነካ፦ ቴርሞስታቱን እዩ። "ኦክስ" (AUX) ወይም "ኢመርጀንሲ ሂት" የሚለው መጠባበቂያ ማሞቂያ ሁሌ በርቶ ካገኛችሁት ቤቱን የሚያሞቀው ፓምፑ ሳይሆን እንደ ምድጃ የሚግለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፣ ለተመሳሳይ ሙቀት ሁለት ሶስት እጥፍ ይበላል። ሰው ሳያውቅ ነክቶት ከሆነ መመለስ ነው፣ ብርዱ ሳይከፋም ራሱ እየገባ ከሆነ ፓምፑ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላልና ይታይ።

በየአመቱ ጋዝ ይሞላል፦ እዚህ ጋ ነው ቆም ብሎ ማሰብ። ጋዝ በአገልግሎት አያልቅም፣ ካነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት ብር መድፋት ነው። የጋዙ አይነት አር 22 ከሆነ ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አይመረትም፣ አይገባምም፣ የቀረው ውድ ስለሆነ ካፈሰሰ ቀይሩት። 410ኤ ከሆነ ጋዙ ለጥገና ይገኛል፣ አዳዲስ የቤት ማሽኖች ግን ከ2025 ወዲህ በአር 32 ወይም በ454ቢ ነው የሚመረቱት፣ የውጪውና የውስጡ ክፍል ደግሞ የሚሰሩት በአንድ አይነት ጋዝ ነው፣ ስለዚህ ውጪውን ብቻ ቀይሬ ውስጡን ልተወው ማለት አያዋጣም፣ ሁለቱም አብረው ነው የሚቀየሩት።

ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው፣ የማሽኑ ልብ) ሞተ ካሏችሁ ዋራንቲ አጣሩ፣ ከተመዘገበ ብዙ ጊዜ እቃው 10 አመት ይሸፈናል፣ የእጅ ዋጋው ግን በናንተ ነው። ዋራንቲው ካለፈ እኔ ብሆን አልጠግነውም። ለሌላው ብልሽት ቴክኒሻኖቹ የሚጠቀሙባት ሂሳብ አለች፣ ዕድሜውን በጥገናው ዋጋ አባዙት፣ ከ5 ሺህ ከበለጠ መቀየሩ ይሻላል ይላሉ። የ14 አመት ማሽን 300 ዶላር ቢጠየቅበት 4,200 ነው፣ ይጠገን። 1,500 ከሆነ 21 ሺህ ነው፣ ጥገናው ይቅር። ግምት ናት፣ ግን ሻጩ ፊት ቆማችሁ ስትጨነቁ ትረዳለች።

ለመቀየር ከወሰናችሁ ሶስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፣ ቤቱን ሳይለካ "የድሮው ስንት ቶን ነበር" (ቶን የማሽኑ አቅም መለኪያ ነው) ብሎ ብቻ የሚጽፍላችሁን ተዉት። የፌደራሉ የ2,000 ዶላር ታክስ ክሬዲት ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም አይሰራም፣ እሱን ቆጥሮ ዋጋ የሚያሳምርላችሁ ካለ ተጠንቀቁ፣ ይልቅ የመብራት ኩባንያችሁ ሪቤት (ተመላሽ ገንዘብ) እንዳለው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከመገጠሙ በፊት።