ኤችኤስኤን ለጡረታ፦ ካርዱን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት

አሜሪካ ውስጥ ሲገባም፣ ሲያድግም፣ ሲወጣም የፌዴራል ታክስ የማይነካው ገንዘብ ማግኘት ከባድ ነው። ኤችኤስኤ የሚባለው የጤና ቁጠባ አካውንት፣ ለሕክምና እስከዋለ ድረስ፣ ሦስቱንም ያሟላል። አብዛኞቻችን ግን መድኃኒት ቤት የሚሳብ ካርድ ብቻ አድርገን ነው የምናየው።

መጀመሪያ ኢንሹራንስዎን ይዩ። ገንዘብ ማስገባት የሚፈቀደው ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪስዎ የሚከፍሉት) ከፍ ላለ፣ ለኤችኤስኤ ብቁ ለሆነ ፕላን ነው፤ በ2026 ዲዳክተብሉ ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 ዶላር መሆን አለበት። ኡበር እየነዱ ከኦባማኬር ገበያ ኢንሹራንስ ለሚገዙ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ብሮንዝ የሚባሉት፣ ወርኃዊ ክፍያቸው ዝቅ ያለ ፕላኖችም ይቆጠሩላቸዋል። የትዳር ጓደኛዎ በሥራ ቦታ የተለመደው ኤፍኤስኤ (በአሠሪ በኩል የሚከፈት የሕክምና ወጪ አካውንት) ካለው ግን እርስዎም ማስገባት አይችሉም። በየወሩ ሐኪም ቤት ለሚመላለስና ለድንገተኛ ወጪ ያስቀመጠው ለሌለው ሰው ይህን ፕላን አልመክርም። ዲዳክተብሉን ፈርቶ ምርመራውን የሚያስተላልፍ ሰው አይቻለሁ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ከደመወዝዎ በቀጥታ እንዲቆረጥ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ከሄደ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ 7.65 በመቶም ይቀርልዎታል፤ ራስዎ ከባንክ ካስገቡት ይህ የለም። የ2026 ጣሪያ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ሲሆን አሠሪዎ የሚጨምረውም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። 55 ዓመት የሞላው 1,000 ይጨምራል። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ግን በስቴት ደረጃ ታክሱን አይተዉም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ደረጃ መጣ። ማስገባት ማለት ኢንቨስት ማድረግ አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቆርጥ ከርሜ አካውንቱን ስከፍት ብሩ እንዳለ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ፣ ጥቂት ሳንቲም ወለድ ይዞ ቁጭ ብሏል። «ኢንቨስትመንት» የሚለውን ገጽ ከፍተው ዝቅተኛ ክፍያ ያለው ኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዝ) ራስዎ መምረጥ አለብዎት። አንዳንዱ አካውንት መጀመሪያ 1,000 ዶላር በጥሬው እንዲቀመጥ ይጠይቃል። በዓመት 4,000 ዶላር ለ20 ዓመት ገብቶ በአማካይ 6 በመቶ ቢያድግ ወደ 147,000 ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ያስገቡት 80,000 ብቻ ነው። ገበያው ግን መውረድም ያውቃል።

ይህ እንዲሆን ካርዱን አይሳቡ። ጥርስ ሲያስነቅሉ ከኪስዎ ይክፈሉና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ሕጉ ገንዘቡን ለማስመለስ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ወጪው አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ የተደረገ፣ በሌላ መንገድ ያልተመለሰና ከታክስ ያልተቀነሰ ይሁን እንጂ የዛሬውን 600 ዶላር ከ15 ዓመት በኋላ ያለታክስ ማውጣት ይችላሉ። የመድኃኒት ቤት ወረቀት ግን በዓመቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያው መኪናዎ ውስጥ ሳሉ ፎቶ አንሱት። አዲስ አበባ ለእረፍት ሄደው ራስዎ የታከሙትም ይቆጠራል። አገር ቤት ላሉት እናትዎ የላኩት ግን፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆኑ፣ አይቆጠርም።

ከ65 ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ ካወጡት ከታክሱ በተጨማሪ ባወጡት ገንዘብ ላይ 20 በመቶ ቅጣት አለ። ከ65 በኋላ ቅጣቱ ይነሳል፤ ለቤት ኪራይም ቢያወጡት እንደ ፎር ኦ ዋን ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ተራ ታክስ ብቻ ይከፍላሉ። ለሕክምናና ለሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪም ሽፋኑ) ወርኃዊ ክፍያ ከሆነ እሱም የለም። ከ65 በኋላ እየሠሩ ሜዲኬርን የሚያዘገዩ ከሆነ ከመመዝገብዎ 6 ወር አስቀድመው ማስገባቱን ያቁሙ፤ ፓርት ኤ (የሆስፒታል ሽፋኑ) እስከ 6 ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል፣ ሜዲኬር ባለበት ወር ደግሞ ማስገባት አይፈቀድምና።

የወራሽ ስምም ይሙሉ። የትዳር ጓደኛ ከሆነ አካውንቱ እንዳለ ይተላለፋል። ልጅ ከሆነ ግን ገንዘቡ እርስዎ በሞቱበት ዓመት የልጁ ገቢ ተደርጎ ታክስ ይጣልበታል፤ ስለዚህ ያጠራቀሙትን ደረሰኝ በሕይወት ሳሉ ማስመለሱ ይሻላል።